ስለ ጥንት የቤዝቦል ፒቸሮች ስትጽፉ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

በሜሪላንድና በዋሽንግተን አካባቢ ያደጉ ወጣቶች ስለ ቤዝቦል በአማርኛ ሲጽፉ ሳይ ደስ ይለኛል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ባልቲሞር ለመድረስ መንገዱ ካልተዘጋጋ አንድ ሰዓት አይፈጅም። በአንድ የውድድር ዘመን የስትራይክአውት ታሪክ ትልቁ ቁጥር የተመዘገበውም ለባልቲሞር በተጫወተ ልጅ ስም ነው። ግን ጽሑፎቹ ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሲሻገሩ ያው ስህተት ተመልሶ ይመጣል። ጸሐፊው ሰንጠረዡን ይከፍታል፣ ትልቁን ቁጥር ይገለብጣል፣ ከዛሬው ጋር ያስተያያል፣ አለቀ። እነዚያን ሰንጠረዦች ሳገላብጥ ዓመታት አልፈዋል፤ ቁጥሮቹ ያለ ዓመታቸው ደንብ ሲጻፉ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ስትራይክአውት ማለት ፒቸሩ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪው፣ መቺውን በሦስት ስትራይክ (ስቶ ባለፋት ወይም መምታት ሲገባው በተዋት ኳስ) ማስወጣቱ ነው፤ ከዚህ በላይ አላስረዳም። ጨዋታውን አንዴ ቁጭ ብሎ ያየ ያውቀዋል።

513ን ከ383 ጋር ማወዳደር

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

በ1886 ማት ኪልሮይ የሚባል የ20 ዓመት ግራኝ ለባልቲሞር ኦሪዮልስ 513 ስትራይክአውት አስመዘገበ። በዋናዎቹ ሊጎች ታሪክ በአንድ የውድድር ዘመን ይህን ያለፈ የለም። ከ1900 ወዲህ ያለው ክብረ ወሰን የኖላን ራያን ነው። እሱም በ1973 ያስመዘገበው 383 ነው። አንዱ ጸሐፊ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጥና «ኪልሮይ ራያንን በ130 በለጠው» ይላል። ሌላው በተቃራኒው «የዚያን ጊዜ መቺዎች መምታት አያውቁም ነበር» ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

መጀመሪያ ኢኒንጉን እዩ፤ አንድ ጨዋታ የሚከፈልባቸው ዘጠኝ ዙሮች ማለት ነው። ኪልሮይ በዚያ ዓመት 583 ኢኒንግ ወረወረ። ራያን የወረወረው 326 ነው። በዘጠኝ ኢኒንግ ስታሰሉት ኪልሮይ 7.9፣ ራያን ደግሞ 10.6 ገደማ ይሆናል። ነገሩ ወዲያው ተገለበጠ። ኪልሮይ 66 ጨዋታዎችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን ነው የወረወረው። ዛሬ ጨዋታ የሚጀምር ፒቸር በየአምስት ቀኑ ይወጣል፣ ያውም ጨዋታውን ሳይጨርስ ይቀየራል። ያኔ ቡድኖች ሁለት ወይም ሦስት ፒቸር ይዘው ነበር ዓመቱን የሚገፉት።

ቀጥሎ ርቀቱን እዩ። በ1886 ፒቸሩ እንደ ዛሬው የተተከለ ጠፍጣፋ ጎማ ረግጦ አልነበረም የሚወረውረው። መሬት ላይ በመስመር የተከለለ ሳጥን ነበረው። የሳጥኑ የፊት መስመር መቺው ከሚቆምበት ከሆም ፕሌት 50 ጫማ ይርቃል፣ በሜትር 15.24 ማለት ነው። ሳጥኑ ወደ ኋላ 7 ጫማ ይረዝማል። ፒቸሩ ከኋላ ተነስቶ፣ እርምጃውን ወስዶ፣ ከፊተኛው መስመር ሳያልፍ ኳሷን ይለቃታል። የዛሬው ፒቸር እግሩ ከ60 ጫማ ከ6 ኢንች ላይ ካለው ጎማ ጋር የተያያዘ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች ያቆማሉ። «ቅርብ ስለነበረ ቀላል ነበር» ይላሉ። ቆዩ እንጂ! ደንቡ ለፒቸሩ የሰጠውን ብቻ ሳይሆን የነሳውንም ቁጠሩ።

ዛሬ መቺው ኳሷን ነክቶ ከመስመር ውጭ ቢያወጣት፣ ሁለት ስትራይክ እስኪሞላ ድረስ ስትራይክ ሆኖ ይቆጠርበታል። በ1886 አይቆጠርም ነበር። ይህ ደንብ ወደ ናሽናል ሊግ የገባው በ1901፣ ወደ አሜሪካን ሊግ ደግሞ በ1903 ነው። ስለዚህ እጁ የፈጠነ መቺ የማይፈልጋትን ኳስ እየነካካ ወደ ውጭ በመላክ ፒቸሩን ማልፋት ይችል ነበር። ምንም አይቆጠርበትም።

በዚያ ላይ መቺው ኳሷን ያዝዛል። «ከፍ» ካለ ከወገቡ እስከ ትከሻው፣ «ዝቅ» ካለ ከወገቡ እስከ ጉልበቱ። ፒቸሩ ካዘዘው ውጭ ከወረወረ ቦል (ያልተሳካ ውርወራ) ይባልበታል። ይህ መብት ከ1887 ጀምሮ ቀረ። ኪልሮይ 513ቱን ያገኘው እንግዲህ መቺው በመረጠለት ግማሽ ውስጥ እየወረወረ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ማራቶኖች ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነበሩ፤ አሁን 42.195 ነው። የ1896ን አሸናፊ ሰዓት ከአበበ ቢቂላ ሰዓት ጋር ደርድሮ ማን እንደሚበልጥ የሚፈርድ ኢትዮጵያዊ አላጋጠመኝም። ቤዝቦል ላይ ሲሆን ግን ያንኑ ሰው ጥንቃቄው ይጠፋበታል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሰውየውን ከዘመኑ ሰዎች ጋር አወዳድሩት። በ1886 ከኪልሮይ ቀጥሎ የመጣው የሉዊቪሉ ቶድ ራምዚ ነው፣ በ499። ያው ሊግ (አሜሪካን አሶሲዬሽን)፣ ያው ደንብ፣ ያው ርቀት። በሌላኛው ሊግ፣ በናሽናል ሊግ፣ መሪው ሌዲ ባልድዊን 323 ነበረው። አሁን ጽሑፋችሁ አንድ ነገር ይናገራል። ሁለት ግራኞች በአንድ ሊግ ውስጥ ሌላውን ሁሉ ጥለው ሄደዋል ማለት ነው። ይሄ ነው ሊጻፍ የሚገባው።

ብዙ ስትራይክአውት ብዙ ድል ነው ብሎ ማሰብ

ኪልሮይ 513 ባስመዘገበበት ዓመት 29 አሸንፎ 34 ተሸነፈ። ባልቲሞርም በአሜሪካን አሶሲዬሽን የመጨረሻውን ደረጃ ይዞ ጨረሰ። በቀጣዩ ዓመት ስትራይክአውቱ ወደ 217 ወረደ፣ ያሸነፋቸው ጨዋታዎች ግን 46 ሆኑ።

1887ን እንደማንኛውም ዓመት ማለፍ

ከላይ ያለውን 217 አይቶ «ኪልሮይ ክንዱ ዛለ» ብሎ የጻፈ ሰው አንብቤያለሁ። ክንዱ በኋላ ዝሏል፣ እውነት ነው። በ1887 ግን የሆነው ሌላ ነው። ያን ዓመት መቺ የሚወጣው በሦስት ሳይሆን በአራት ስትራይክ ነበር! ለዚያ አንድ የውድድር ዘመን ብቻ። በ1888 ወደ ሦስት ተመለሰ፣ ከዚያ ወዲህም አልተነካም።

የናሽናል ሊግን መሪዎች ተከታትላችሁ ብታዩ ይገባችኋል። በ1886 ባልድዊን 323። በ1887 ጆን ክላርክሰን 237። በ1888 ቲም ኪፍ 335። መሃል ላይ ያለው ጉድጓድ የሰዎቹ ድካም አይደለም። አራተኛው ስትራይክ ነው።

አሁን ራምዚን እንደገና እዩት። በዚያው በአራት ስትራይክ ዓመት 355 አስመዘገበ። በአሜሪካን አሶሲዬሽንም መሪ ሆነ። ለእኔ ይህ 355 ከራሱ 499 ይበልጣል፤ ስለዚህ ዓመት የሚጽፍ ሁሉ መጀመሪያ ሊያነሳው የሚገባ ቁጥር ይመስለኛል። ማንም አያነሳውም። ለምን? በምንጊዜም ክብረ ወሰኖች ሰንጠረዥ ላይ ወረድ ብሎ ስለሚገኝ።

ያው በ1887 በቦሎች ብዛት በነጻ ወደ መጀመሪያው ቤዝ የተላከ መቺ እንደ መታ ተቆጥሮለታል። ስለዚህ የዚያን ዓመት የመቺዎች አማካይ (ከሞከሩት ስንቱን እንደመቱ) ስትጠቅሱም ተጠንቀቁ።

የራምዚንና የዴይሊን ጉዳት እንደ ተረት መጻፍ

ራምዚ ግንበኛ ነበር። በሥራ ላይ እያለ መሣሪያው የግራ እጁን አንድ ጣት ጅማት ቆረጠው። የሚወረውርበት እጅ ነው። ጣቱ እንደ ልብ አልታዘዘው ስላለ ኳሷን በጣቱ ጫፍ መያዝ ነበረበት። እንዲህ የተያዘች ኳስ ስትለቀቅ ቀጥ ብላ ትመጣና መቺው ጋ ስትደርስ ድንገት ትወርዳለች። መቺው አየሩን ብቻ ይመታል። ታሪኩ ይኸው ነው፣ በራሱ ይበቃል። «አዲስ የውርወራ ስልት ለመፍጠር ጣቱን ራሱ ቆረጠ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ አትቀበሉ።

ሂዩ ዴይሊም እንዲሁ። በወጣትነቱ በጦር መሣሪያ አደጋ የግራ እጁን አጥቷል፤ የሚወረውረው በቀኝ ነው። ቅጽል ስሙ «ባለ አንድ ክንዱ» ስለሆነ ብቻ ሌላ ሌላ ነገር አትጨምሩበት። የተጎዳው ክንዱ ላይ መከላከያ አስሮ፣ የመጣችውን ኳስ በቀኝ እጁና በዚያ መከላከያ መሃል አጣብቆ ይይዛት ነበር። እስቲ አስቡት። ኳሷ ወደ እሱ ተመትታ ስትመጣ፣ ያጣብቃታል፣ ቀኝ እጁን ያላቅቃል፣ መልሶ ይወረውራል። ሯጩ ደግሞ አይጠብቀውም። በዚህ ዓይነት በ1884 483 ስትራይክአውት አስመዘገበ። ለእኔ ይህ ሰው ከነቁጥሩ ትልቅ ነው።

1884ን አንድ ሊግ ያለ አስመስሎ ማንበብ

ዴይሊ 483፣ ዱፒ ሾ 451፣ ቻርሊ ራድበርን 441፣ ቻርሊ ባፊንተን 417። የዓመቱን ድምር ከላይ ወደ ታች ብትደረድሩት እንዲህ ይመጣል። ብዙ ጽሑፍ እዚህ ላይ ያቆምና ራድበርንን ሦስተኛ ያደርገዋል።

በ1884 ሦስት ሊጎች ነበሩ። ናሽናል ሊግ፣ አሜሪካን አሶሲዬሽንና ዩኒየን አሶሲዬሽን። ሦስተኛው የኖረው ለዚያ አንድ ዓመት ብቻ ነው። ሚዛኑ የተዛባ ሊግ ነበር። የሴንት ሉዊስ ቡድን 94 አሸንፎ የተሸነፈው 19 ጊዜ ብቻ ነው። ሌሎቹ ምን ያህል ደካማ እንደነበሩ ከዚህ ገምቱ። ዴይሊ 483ቱን ሁሉ ያገኘው በዚህ ሊግ ነው። ሾ ደግሞ ዓመቱን በናሽናል ሊግ በዲትሮይት ጀምሮ 142 አስመዝግቦ ወደ ዩኒየን አሶሲዬሽን፣ ወደ ቦስተን ተሻገረ። እዚያ 309 ጨመረ። ድምሩ ከራድበርን ይበልጣል፣ በየትኛውም ሊግ ግን መሪ አልሆነም። ራድበርን 441ዱን ከ678 ኢኒንግ በላይ ወርውሮ ያገኘው በጠንካራው ሊግ ነው።

በሐምሌ (ጁላይ) ወር የራድበርን ቡድን የፕሮቪደንስ ሌላው ፒቸር ቻርሊ ስዊኒ ከቡድኑ ተባረረ። ራድበርን የቀሩትን ጨዋታዎች ብቻውን ለመወርወር ተስማማ። ማለቂያው ላይ ጠዋት ጸጉሩን ለማበጠር እንኳ ክንዱን ማንሳት ያቅተው ነበር ይባላል። ፕሮቪደንስ ዋንጫውን ወሰደ።

ያው ስዊኒ ከመባረሩ በፊት፣ ሰኔ (ጁን) 7 ቀን፣ በአንድ ጨዋታ የቦስተንን 19 መቺዎች በስትራይክአውት አስወጥቷል። ልክ በወሩ ዴይሊ በሌላኛው ሊግ 19 ደገመ። በዘጠኝ ኢኒንግ 20 የደረሰ ሰው ለማየት እስከ 1986፣ እስከ ሮጀር ክሌመንስ ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነ። እዚህም ላይ «ዴይሊ ክብረ ወሰኑን ተጋራ» ስትሉ በየትኛው ሊግ እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።

«በ1893 ርቀቱ በ10 ጫማ ተኩል ጨመረ»

ይህን በጣም ጎበዝ የሆኑ ሰዎች ሳይቀሩ ይጽፋሉ። 50 ነበር፣ 60 ጫማ ከ6 ኢንች ሆነ፣ ቀንሱ፣ 10 ተኩል። ስሌቱ ልክ ነው። መለኪያው ግን የተለያየ ነው።

50 ጫማ የተለካው እስከ ሳጥኑ የፊት መስመር ነው። 60 ጫማ ከ6 ኢንች የተለካው ደግሞ የፒቸሩ የኋላ እግር እስከሚረግጠው ጎማ። ከ1887 ጀምሮ የሳጥኑ ርዝመት 5 ጫማ ተኩል ሆኖ፣ ፒቸሩም የኋላ እግሩን የኋለኛው መስመር ላይ አድርጎ እንዲጀምር ታዞ ነበር። ያ መስመር ከሆም ፕሌት 55 ጫማ ተኩል ይርቃል። ስለዚህ በ1893 እግሩ በትክክል ወደ ኋላ የሄደው 5 ጫማ ነው፣ ሜትር ተኩል ገደማ።

ሜትር ተኩል ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ኤሞስ ሩሲን ውሰዱ፤ በፍጥነቱ የዘመኑ አስፈሪ ፒቸር ነው። በ1891 በ337 ሊጉን መራ። በ1893 በ208 ብቻ መራ። ወደ 130 የሚጠጋ ስትራይክአውት ጠፍቶበትም ከሱ የሚበልጥ አልነበረም። የሊጉ መቺዎች አማካይ በ1892 ከነበረበት .245 በ1893 ወደ .280፣ በ1894 ወደ .309 ወጣ።

«ርቀቱን ያስረዘመው ሩሲ ነው» የሚለውም ወሬ አብሮ ይመጣል። ሩሲ በፍርሃት የሚወራለት ሰው መሆኑ እውነት ነው። ሊጉን ያስጨነቀው ግን የነጥብ መድረቅ ነበር። ተመልካች መቺ ሲመታ ማየት ይፈልጋል። አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ሜዳ እንደገና አይለኩትም ነበር።

የርቀት ነገር ከተነሳ፣ እስከ 1880 ድረስ 45 ጫማ ነበር። 50 የሆነው በ1881 ነው። ይህንንም የሚዘነጉ አሉ።

የ1870ዎቹን ፒቸሮች ደካማ ማለት

ናሽናል ሊግ በተመሠረተበት በ1876 የስትራይክአውት መሪው የሉዊቪሉ ጂም ዴቭሊን ነበር። 622 ኢኒንግ ወርውሮ 122። በዘጠኝ ኢኒንግ ሁለት እንኳ አይሞላም። ከዚያ በፊት፣ በ1871፣ በናሽናል አሶሲዬሽን የክሊቭላንዱ አል ፕራት በ34 መራ። ሠላሳ አራት!

ጀማሪ ይህን ሲያይ ይስቃል። ግን ያኔ ፒቸር ሥራው ሌላ ነበር። እጁን ከታች አድርጎ ነበር የሚወረውረው። ክንድን ከትከሻ በላይ አንስቶ መወርወር በናሽናል ሊግ የተፈቀደው በ1884 ነው፤ አሜሪካን አሶሲዬሽን የፈቀደው በቀጣዩ ዓመት። መቺው ከፍና ዝቅ ያዝዛል። በነጻ ለመሄድ በ1879 ዘጠኝ ቦል ያስፈልግ ነበር፤ አራት የሆነው በ1889 ነው። የጨዋታው ሐሳብ ኳሷ ተመትታ ሜዳ ላይ ያሉት እንዲሯሯጡላት ነው። ስለዚህ የዴቭሊን 122 የደካማ ሰው ቁጥር አይደለም። ለሌላ ዓላማ የተሠራ ጨዋታ ቁጥር ነው። በ1884 ቁጥሩ ለምን እንደ ፈነዳ የሚጠይቅም መልሱን እዚሁ ያገኛል፤ ክንዱ ተለቀቀ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1969 የቤዝቦል መዛግብት ልዩ ኮሚቴ ናሽናል አሶሲዬሽንን ከዋና ሊጎች ተራ አውጥቶታል። ዩኒየን አሶሲዬሽን ግን ተቀባይነት አግኝቷል። አንዳንድ ሰንጠረዥ ከ1871፣ አንዳንዱ ከ1876 የሚጀምረው ለዚህ ነው።

ካቸሩን መርሳት

ሦስተኛዋን ስትራይክ የሚይዛት ሰው፣ ከመቺው ጀርባ የሚቆመው ካቸር፣ ከሌለ ስትራይክአውት ግማሽ ሥራ ነው። ኳሷ ካመለጠች መቺው ወደ መጀመሪያው ቤዝ መሮጥ ይችላል። በ1870ዎቹ ካቸሩ ባዶ እጁን ወይም ጣቱ የተቆረጠ ስስ ጓንት አድርጎ ነበር የሚይዘው። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ስለዚህ ራቅ ብሎ ቆሞ ኳሷን ከነጠረች በኋላ ይቀበላል። ሁለት ስትራይክ ሲሆን ወይም ቤዝ ላይ ሯጭ ሲኖር ብቻ ጠጋ ይላል። የሃርቫርዱ ፍሬድ ታየር ያሠራው የፊት መከላከያ በ1877 ሜዳ ላይ ዋለ። የደረት መከላከያ በ1880ዎቹ ተከተለ። ካቸሩ ተጠግቶ መቀመጥ ሲችል ፒቸሩም ያለ ስጋት ጠንክሮ መወርወር ቻለ። ስለ 1886 ሁለቱ ግራኞች ስትጽፉ የካቸሩን ጣቶች አትርሱ። የዚያ ዘመን ካቸር እጅ በፎቶ ላይ ሲታይ የተሰበረና የተጣመመ ጣት ያልያዘ ብርቅ ነው።

ስም ሲመሳሰል አንድ ማድረግ

የኪልሮይ ኦሪዮልስ የዛሬው ኦሪዮልስ አይደለም፤ የዛሬው ከሴንት ሉዊስ ወደ ባልቲሞር የመጣው በ1954 ነው። በ1886 የመራው ሌዲ ባልድዊን እና በ1889 በኮሎምበስ 368 ያስመዘገበው ማርክ ባልድዊን ሁለት ሰዎች ናቸው። በ1884ም ሁለት ስዊኒዎች አሉ፤ አንዱ ቻርሊ፣ ሌላው ቢል።

ዓመቱን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መቀየር

እባካችሁ ተዉት። የዚያን ጊዜ የቤዝቦል ውድድር ዘመን በኤፕሪል ይጀምርና በኦክቶበር ያልቅ ነበር። የእኛ አዲስ ዓመት፣ መስከረም አንድ፣ መሃሉ ላይ ይወድቃል። የኪልሮይ 513 በ1878 ተጀምሮ በ1879 ያለቀ ይሆናል፣ አንባቢም ግራ ይጋባል። ከላይ የጻፍኳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የወር ስሞችንም እንዲሁ ነው የተጠቀምኩት፤ ሰኔ 7 ያልኩት ጁን 7 ነው።

አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያለው ብሎ መሟገት

ራድበርን በ1884 ስንት ጨዋታ አሸነፈ? አንዱ መጽሐፍ 59 ይላል፣ ሌላው 60። በዚህ ሰው ሲጨቃጨቅ አይቻለሁ። ሁለቱም ከሜዳ የመጣ ቁጥር ነው። ልዩነቱ አንድ የጁላይ ጨዋታ ነው። ሌላ ፒቸር አምስት ኢኒንግ ወርውሮ እየመራ ወጣ፣ ራድበርን ገብቶ ጨረሰው። በዛሬው ደንብ ድሉ የመጀመሪያው ነው፤ ያኔ ለራድበርን ተሰጠ። የእሱ 1.38 ኢአርኤ (ፒቸሩ በዘጠኝ ኢኒንግ የሚያስቆጥርበት የነጥብ አማካይ) ቢሆንም በኋላ ተመልሶ የተሰላ ነው፤ ናሽናል ሊግ ያን ስሌት በይፋ የጀመረው በ1912 ነው።

የስትራይክአውት ቁጥሮችም እንዲሁ ከድሮ ጋዜጦች የጨዋታ ዘገባ እየተለቀሙ የተስተካከሉ ናቸው። ሁለት ሰንጠረዥ በሁለት በሦስት ቢለያይ አትደንግጡ፣ አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻ በእሱ ሂዱ፤ የአንዱን ኢኒንግ ከሌላው ስትራይክአውት ጋር አታካፍሉ።